ለእጅ የቀለለው ለልብ አይቅለል
ስለ አዲሱና ስለ ቀድሞው ዕቃ አጠቃቀም የተጻፈ ምክር



ዛሬ በሐይቅና በአምባሰል የሚኖር የከተማ ሰው በአንድ ቀን ውስጥ ስንት ሥራ በእጅ ስልኩ እንደሚሠራ ብትቈጥር ትደነቃለህ። ጠዋት ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰው እርሱ ነው። ገንዘብ የሚልክበት፥ ወሬ የሚሰማበት፥ ደብዳቤ የሚጽፍበት፥ ሒሳብ የሚያሰላበት፥ መጽሐፍ የሚያነብበት፥ ፎቶግራፍ የሚያነሣበት፥ በጨለማም የሚያበራበት ያው አንዱ ዕቃ ነው። አባቶቻችን ለነዚህ ሥራዎች ሁሉ ልዩ ልዩ ዕቃ ነበራቸው፤ ለመመዘን ሚዛን፥ ለመስፈር ቁና፥ ለመጻፍ ብርዕ፥ ለማብራት ኩራዝ፥ ለመላላክም የሚታመን ሰው።

ስለዚህ ነገር ሰዎች በሁለት ወገን ሆነው ሲከራከሩ እንሰማለን። አንደኛው ወገን፥ አዲሱ ዕቃ ሁሉን አቀለለ፥ የቀድሞው ይጣል ይላል። ሁለተኛው ወገን፥ አዲሱ ዕቃ ልጆቻችንን አበላሸ፥ የቀድሞው ይመለስ ይላል። ሁለቱም ግን በጎውንና ክፉውን ከዕቃው ይፈልጉታል እንጂ ዕቃውን ከያዘው ሰው አይፈልጉትም።

የቀድሞው ዕቃ ብዙ ያደክም ነበር፤ ያን ድካም የሚናፍቅ ሰው ቢገኝ ያልደከመበት ሰው ነው። ዳሩ ግን በድካሙ ውስጥ አንድ ዘበኛ ተቀምጦ ነበር። ሰው ክፉ ሊያደርግ ቢያስብ መንገዱ ረጅም፥ ተመልካቹም ብዙ ስለ ነበረ፥ ከቤቱ ተነሥቶ ካሰበው እስኪደርስ ልቡ ሊመለስ ይችል ነበር። አዲሱ ዕቃ ድካሙን ሲያነሣልን ዘበኛውንም አብሮ አነሣው። እንግዲህ ዘበኛው ከውጭ ከተነሣ ከውስጥ ሊቆም ይገባዋል፤ ይኸውም ኅሊና ነው። የዚህ ጽሑፍ ነገር ሁሉ ይህ ነው፤ ለእጅ የቀለለው ሥራ ለልብ አይቅለል። ይህንንም በአራት ነገር እንመርምር።

አንደኛ፤ ስለ ገንዘብ።

በቀድሞ ጊዜ ብር የሚያበድር ሰው በእማኝ ፊት ቈጥሮ ይሰጥ ነበር፤ ተበዳሪውም ቈጥሮ ይቀበል ነበር። የሌላውን ገንዘብ ሊወስድ የሚመኝ ሰው እጁን የሚዘረጋው ሰው እያየው ነበርና እፍረት ይከለክለው ነበር። ኢትዮ ቴሌኮም በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብርን ከጀመረ ወዲህ ገንዘብን በስልክ መላክ በከተማም በገጠርም እየተለመደ ሄደ። ይህ በጎ ነገር መሆኑን ማን ይክዳል? ልጇ ከአዲስ አበባ የሚልክላትን ገንዘብ ለመቀበል የሚታመን መንገደኛ ስትጠብቅ ወር ያልፍባት የነበረች እናት፥ አሁን በተላከላት ሰዓት ታገኘዋለች።

ነገር ግን በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የሆነውን አስታውስ። በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የኮምፒዩተር አሠራር ላይ በአንድ ሌሊት ጉድለት ተገኘ፤ ሰዎችም በሒሳባቸው ካላቸው ገንዘብ አብልጠው ማውጣትና ወደ ሌላ ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ፈጥኖ ተሰማ፤ ብዙ ተማሪዎችም በሌሊት በገንዘብ መክፈያ ማሽኖች ፊት ተሰለፉ። ያለ አግባብ የወጣው ገንዘብ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ መሆኑን ባንኩ አስታወቀ፤ ያወጡትም እንዲመልሱ ጠየቀ። አብዛኛው ገንዘብ ተመለሰ፤ ያልመለሱትም ሰዎች ስማቸውና ፎቶግራፋቸው ለሕዝብ ወጣ።

ተማሪ ሆይ፥ እነዚያ ልጆች ከቤታቸው ሌቦች ሆነው አልወጡም። በሐይቅ ገበያ አንድ ነጋዴ ተሳስቶ መቶ ብር አብልጦ ቢመልስላቸው፥ ከእነርሱ ብዙዎቹ ዞረው የሚመልሱ ይመስለኛል፤ የነጋዴውን ፊት ያዩታልና። ማሽን ግን ፊት የለውም፤ ስለዚህ የሚወስዱት ገንዘብ የማንም መስሎ ታያቸው። ፊት የሌለው ገንዘብ ግን በዓለም አይገኝም። ከማሽኑ በስተ ኋላ ጡረታውን ያስቀመጠ ሽማግሌ አለ፤ ለልጇ ማስተማሪያ ጥቂት በጥቂት ያጠራቀመች መበለት አለች። ማሽኑ ሰጠኝ የሚል ቃል በእግዚአብሔር ፊት መልስ አይሆንም። ማሽን አይሰጥም፤ የሚሰጥ ባለቤቱ ብቻ ነው።

ደግሞ አንተ ማንበብ የምትችል ነህና ሌላም አደራ አለብህ። ፊደል ያልቈጠረች ጎረቤትህ ስልኳን በእጅህ ሰጥታ፥ ልጄ፥ ስንት መጣልኝ? ትልሃለች፤ የምሥጢር ቁጥሯንም ትነግርሃለች። ቀድሞ ለሌላ ሰው ደብዳቤ የሚያነብ ሰው የተጻፈውን ሳይጨምርና ሳይቀንስ ቢያነብ ታማኝ ይባል ነበር። አንተ ግን ከደብዳቤዋ ጋር ከረጢቷንም ይዘሃል። ስለዚህ የመጣውን ገንዘብ ጮኽ ብለህ በጆሮዋ ንገራት፤ የቀረውን በወረቀት ጽፈህ ስጣት፤ የምሥጢር ቁጥሯንም ራስዋ መንካት እንድትችል ታግሠህ አስተምራት። እርስዋ ራስዋ የቻለች ቀን አደራህ በእውነት ተፈጸመ።

ስለ ሚዛንም ነገሩ እንዲሁ ነው። በብረት መመዘኛ የሚሸጥ ነጋዴ ጣቱን በሚዛኑ ላይ አሳርፎ ሊያታልል ይችል ነበር፤ ቁጥር በሚያሳየው በአዲሱ ሚዛን የሚሸጥ ሰውም የመያዣውን ክብደት ሳይቀንስ ሊመዝን ይችላል። ልዩነታቸው ይህ ነው፤ በቀድሞው ሚዛን ገዢው ጣቱን አይቶ ይከራከራል፤ በአዲሱ ግን ቁጥሩን አምኖ ዝም ይላል። እንግዲህ ሰው ዕቃህን ይበልጥ ባመነው መጠን አንተ ይበልጥ ልትታመን ይገባሃል።

ሁለተኛ፤ ስለ ቃል።

የቀድሞው ዕቃ ሁሉ እውነተኛ ነበረ፥ አዲሱ ብቻ ሐሰተኛ ነው እንዳትል፥ የአምባሰል ምድር ራስዋ ትመሰክርብሃለች። በውጫሌ አጠገብ በይስማ ንጉሥ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በኢጣልያ መካከል ውል ተደረገ፤ ውሉም በብርዕና በወረቀት የተጻፈ ነበረ። በ17ኛው አንቀጽ የአማርኛው ቃል፥ ዐፄ ምኒልክ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ስላላቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አማካይነት መላላክ ይቻላቸዋል የሚል ነበር፤ የኢጣልያንኛው ቃል ግን ይህን ግዴታ አደረገው። ከዚህ ልዩነት ክርክር ተነሣ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ውሉን በ1885 ዓ.ም. አፈረሱ፤ ነገሩም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ በደም ተፈረደ።

ከዚህ የምንማረው ቃል በወረቀት ላይም ሊጣመም እንደሚችል ነው፤ የተጣመመውንም የሚያቀናው ሁለቱን ወገን አስተያይቶ የሚያነብ ታጋሽ ዐይን ነው። ዛሬ ደግሞ የተጣመመ ቃል ከውጫሌ ተነሥቶ ደሴ፥ አዲስ አበባና ጅዳ ለመድረስ የዐይን ጥቅሻ ያህል ጊዜ እንኳ አይፈጅበትም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው የጦርነት ጊዜ በፌስቡክና በቴሌግራም የተሠራጨ የሐሰት ወሬ ጎረቤትን ከጎረቤት እንዴት እንዳጠራጠረ ታውቃለህ። ብዙ ጊዜ ወሬውን ያስተላለፈው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሳይመረምር ያስተላለፈ ሰው ነበር እንጂ። ያንኑ ወሬ በብርዕ ሊገለብጠው ቢነሣ ኖሮ፥ ሦስተኛው መስመር ላይ ሲደርስ፥ ይህ ነገር እውነት ነውን? ብሎ ራሱን ይጠይቅ ነበር። ስልክ የምትነካ ጣት ግን አትጠይቅም።

ደግሞም በስልክህ ላይ ረጅም ውል መጥቶልህ፥ ሳታነብ እስማማለሁ የሚለውን ስትነካ ፊርማህን እንደ ሰጠህ ዕወቅ። ውሉ በወረቀት ቢሆን ኖሮ ሁለት ጊዜ አንብበህ፥ እማኝም ጠርተህ ትፈርም ነበር። ፊርማው ስለ ቀለለ ዕዳው አልቀለለም።

ሦስተኛ፤ ስለ ኀዘንና ስለ ጎረቤት።

በወሎ አገር ቅሬ ምን እንደ ሆነ ለአንተ መንገር አያስፈልግም። ሰው ሲሞት የቅሬው ጠሪ ይጣራል፤ የሰማውም ሁሉ፥ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፥ ሥራውን ትቶ ይወጣል። አንዱ መቃብር ይቈፍራል፥ አንዱ እንጨት ይፈልጣል፥ አንዷ ውኃ ትቀዳለች። ዛሬ መርዶው በስልክ ይደርሳል፤ ይህም መልካም ነው፥ የሩቁ ዘመድ ለቀብር ይደርሳልና። ነገር ግን በዚያው ስልክ፥ ነፍስ ይማር፥ ብሎ ጽፎ፥ ከሁለት ቤት ማዶ የተተከለውን ድንኳን ሳይረግጥ የሚቀር ሰው እየበዛ ሄዷል። የተላከ ጽሑፍ እንጨት አይፈልጥም፤ በስልክ የሚላክ የልብ ሥዕልም ውኃ አይቀዳም።

በቢታንያ የነበሩትን እኅትማማቾች ጌታችን በመልእክተኛ ቃል ብቻ አላጽናናቸውም፤ መንገድ ሄዶ ከእነርሱ ጋር አለቀሰ። ስለዚህ እንዲህ እንወስን፤ መርዶን ለማድረስ ስልክ ይበልጣል፥ ኀዘንተኛን ለማጽናናት እግር ይበልጣል። በጅዳ ወይም በቤይሩት በሰው ቤት ተቀጥራ የምትኖር ልጅ ግን ስልኳ እግሯ ነው፤ በስልክ አለቀሰች ብለህ አትንቀፋት። እግር እያለው በስልክ የሚያለቅሰው ጎረቤት ግን ራሱን ይመርምር።

አራተኛ፤ ስለሚቆይ ነገር።

የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሀብት የሆነ፥ አራቱ ወንጌላት የተጻፉበት አንድ ብራና አለ። በአባ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን በ1273 ዓ.ም. የተጻፈ ነው። ለእንዲህ ያለ መጽሐፍ ቆዳ ይፋቃል፥ ቀለም ይበጠበጣል፥ መቃ ይቀረጻል፥ ፊደሉም አንድ በአንድ በእጅ ይጻፋል። እነሆ ከ740 ዓመት በኋላ እንኳ ይነበባል፤ ለማንበብም ከብርሃንና ከዐይን በቀር ሌላ ኃይል አይሻም።

በቀድሞ ዘመን የቤተ ክርስቲያን ርስትና ስጦታ በወንጌል መጽሐፍ ባዶ ገጽ ላይ ይመዘገብ ነበር። ለምን ቢሉ፥ በወንጌል ላይ የተጻፈውን ሊፍቅ የሚደፍር እጅ አይገኝም ተብሎ ነው። አየህን? አባቶች መዝገባቸውን የሚዘጉበት የምሥጢር ቁጥር አልነበራቸውም፤ ነገር ግን ኅሊና በሚጠብቀው ስፍራ አኖሩት።

በ1960ዎቹ ዓ.ም. የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎችን በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ይህን ወንጌል በፊልም አንሥቶ 1832 የሚል ቁጥር ሰጥቶታል። የፊልሙም ቅጂ በአሜሪካ፥ በሚኔሶታ፥ በኮሌጅቪል ባለ ቤተ መጻሕፍት ይጠበቃል፤ ዛሬ ተማሪ በኮምፒዩተር ሊመለከተው ይችላል፥ ብራናውም በብዙ እጅ ከመገለጥ ይድናል። ብራናው ቢጐዳ ሥዕሉ ይቀራል፤ መብራት ቢጠፋ ብራናው ይቀራል። አንዱ ለሌላው ወንድም ነው እንጂ ጠላት አይደለም።

መብራት መጥፋቱን ደግሞ በዐይንህ አይተኸዋል። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ጦርነቱ ወደ ደቡብ ወሎ በደረሰ ጊዜ መብራትና ስልክ፥ ባንክም ተቋርጦ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘግቶ ነበር። እንዲህ ባለ ቀን ሁሉን በስልኩ ያኖረ ሰው የወንድሙን ቁጥር እንኳ በቃሉ አያውቅም። ዱቤውን በደብተር የጻፈ ባለ ሱቅ ግን ማን ስንት እንዳለበት ያውቃል፤ ለተራበው ጎረቤቱም ጨምሮ ሊያበድር ይችላል። እንግዲህ የቀድሞውን ዕቃ መጠበቅ ለትዝታ ብቻ አይደለም፤ በክፉ ቀን ለሰው መድረሻ ነው።

ምናልባት፥ ዓለም ሁሉ ወደ አዲሱ ሲሄድ እኔ ብቻዬን ወደ ኋላ ልቅርን? ትል ይሆናል። አትቅር። አዲሱን ዕቃ በምስጋና ተቀበል፥ ተማረውም፤ ዳሩ ግን የተነሣውን ዘበኛ መልሰህ በልብህ አቁም። ገንዘብ ከመላክህና ከመቀበልህ በፊት፥ ባለቤቱ ፊት ለፊቴ ቢቆም ይህን አደርግ ነበርን? በል። ወሬ ከማስተላለፍህ በፊት፥ በእጄ ጽፌ ስሜን እፈርምበት ነበርን? በል። ኀዘን ሲደርስህ አስቀድመህ ጫማህን ፈልግ፥ ከዚያ በኋላ ስልክህን። የዘመዶችህን ቁጥርና የሰው አደራ የሆነውን ሒሳብ በወረቀትም ጻፍ። ማንበብ ለማይችል ሰው ስልክ ስትይዝ፥ የሌላ ሰው ዐይን እንደ ሆንህ አትርሳ።

ስልክህ በቀን ውስጥ ስንት ሰዓት እንደ ተመለከትኸው ቈጥሮ ይነግርሃል። በዚያ ሰዓት ለማን እንደ ጠቀምህ፥ ማንንም እንደ በደልህ ግን ሊቈጥርልህ አይችልም፤ ይህን የሚቈጥር ሌላ አለ። እርሱ እግዚአብሔር እውነተኛውን ሚዛን በልባችን ያቁምልን። አሜን።