ካሩኮላና የአዳም ላብ

በአዲስ አበባ ደቡብ ምሥራቅ ጠርዝ፣ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ሲሠራ የቀን ሠራተኛ ነበርኩ። 50 ኪሎ ሲሚንቶ ተሸክሜ አራተኛ ፎቅ እወጣለሁ፤ በዐቢይ ጾም ደግሞ በባዶ ሆድ። አዳም በላቡ እንዲበላ መፈረዱን ያወቅሁት በጉልበቴ ነው።

አንድ ቀን ካሩኮላ መጣ። አንዱ መንኮራኩር ከላይ ታሰረ፣ ሌላው ከዕቃው ጋር፤ ገመዱ ጫፉ ከላይ ታስሮ በሁለቱ ዞረ። ስስበው ሲሚንቶው 25 ኪሎ ያህል ሆነብኝ። ደነገጥኩ። ከፍርዱ ማምለጥ ኃጢአት ይሆን እንዴ ብዬ ፈራሁ።

ግንበኛው ገመዱን አስለካኝ። ዕቃው 12 ሜትር ሲወጣ በእጄ ያለፈው 24 ሜትር ነበር። ግማሹን ክብደት ከላይ ያለው ማሰሪያ ይዞልኛል፤ እኔም የቀረውን በእጥፍ ርዝመት እከፍላለሁ። ዲጂኖም እንዲሁ ነው፤ ድንጋዩ ስንዝር እንዲነሣ እጃችን ክንድ ሙሉ ይወርዳል። ሥራው አልቀነሰም፣ እንዲያውም በሰበቃው ትንሽ ጨምሯል። ግን ለአቅሜ ተመጥኖ መጣ።

የንስሐ አባቴን ጠየቅኋቸው። «ወገብሽን ስበሪ ያለሽ ማን ነው?» አሉኝ። «ላብና ስብራት አንድ አይደሉም።»

አመንኳቸው። ካሩኮላ እያለ ሰውን በጀርባው ማሸከም ነው ኃጢአቱ።

ግን ካሩኮላው ከመጣ በኋላ፣ ሲሚንቶ እንሸከም ከነበርነው ስድስት ሴቶች ሥራ ላይ የቀረነው ሁለት ነበርን። የአራቱ ድካም ቀረ፤ የዕለት እንጀራቸውም አብሮ ቀረ። ይህንን አባን ገና አልጠየቅኋቸውም።