ያልተፈተነ ጥበብ

የሰው ልጅ ራሱን ለመከላከልና ጠላቱን ለማሸነፍ ካወጣቸው ጥበባት መካከል እንደ ጃፓኑ ኒንጁትሱ በተረት የተሸፈነ ጥቂት ነው። ፊልሙ ኒንጃን ጥቁር አልብሶ፥ ከጣሪያ ወደ ጣሪያ እያዘለለ፥ ብቻውን ሠራዊት ሲያሸንፍ ያሳየናል፤ ነቃፊዎቹ ደግሞ ይህ ጥበብ በእውነተኛ ጠብ ላይ ከቶ አይረባም ይላሉ። እኛ ግን በክርክሩ ውስጥ ከአሸናፊና ከተሸናፊ የሚበልጥ ጥያቄ አለ እንላለን፤ ይኸውም፥ ሰው ያልፈተነውን ዕውቀት የታመነ ነው ብሎ ለሌላው ማስተማር ይገባዋልን? የሚል ነው።

አስቀድመን የጥበቡን ምንጭ እንመልከት፤ ዘመናቱን የምንጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። በ15ኛውና በ16ኛው መቶ ዓመት፥ ጃፓን በርስ በርስ ጦርነት በምትታመስበት ጊዜ፥ ሺኖቢ የተባሉት የኢጋና የኮጋ ሰዎች ዋና ሥራቸው መሰለል፥ ወደ ጠላት ምሽግ ሾልኮ መግባትና እሳት መልቀቅ ነበር። እንዲህ ላለው ሰው ትልቁ ድል ሳይታይ ገብቶ ሳይታይ መውጣት ነው። በ1579 የኦዳ ኖቡናጋ ልጅ ኖቡካትሱ ኢጋን ሊይዝ ዘምቶ ተሸንፎ ተመለሰ፤ በ1581 ግን ኖቡናጋ ብዙ አሥር ሺሕ ሠራዊት ባዘመተባት ጊዜ አገሪቱ ወደመች። እንግዲህ ጥበቡ አገሩን ለሚያውቅ ሰው ብርቱ ረዳት ነበረ እንጂ፥ የቁጥርን ብልጫ የሚሽር ተአምር አልነበረም።

ዛሬ በኒንጁትሱ ስም የሚሰጠው ትምህርት በአብዛኛው የተስፋፋው ማሳአኪ ሃትሱሚ በ1970ዎቹ ባቋቋመው በቡጂንካን አማካይነት ነው። ልምምዱም አብዛኛውን ጊዜ በጥንድ ነው፤ አንዱ አስቀድሞ የታወቀውን ምት ይሰነዝራል፥ ሁለተኛው በተወሰነው መንገድ ይመልሳል። ለምን በነጻ ግብግብ አትፈተኑም? ቢባሉ፥ ብዙዎቹ «ዘዴያችን ዐይን የሚያጠፋና አጥንት የሚሰብር ስለ ሆነ በጨዋታ አይሞከርም» ብለው ይመልሳሉ።

ለዚህ መልስ የሚሆነው እዚያው ጃፓን ውስጥ ይገኛል። ጂጎሮ ካኖ በ1882 ጁዶን ሲመሠርት፥ ከጥንቱ ጁጁትሱ አደገኛ የሆኑትን ዘዴዎች ከነጻው ግብግብ አወጣ፤ በቀሩት ግን ተማሪዎቹ እሺ ከማይል ባላጋራ ጋር በሙሉ ኀይላቸው እንዲታገሉ አደረገ። ከዚህም የተነሣ፥ ዕለት ዕለት የተፈተነው ቀላል ዘዴ፥ አንድ ቀን እንኳ ካልተሞከረው ገዳይ ዘዴ ይልቅ የሚታመን ሆነ። በእንጨት ፈረስ ላይ ግልቢያ የተማረ ሰው፥ ፈረሱ የደነበረ ቀን ምን እንደሚሆን አያውቅምና።

በአሜሪካ በተደረጉት የዩ.ኤፍ.ሲ. ውድድሮች ኒንጁትሱን የተማሩ ሰዎች በ1994 ገብተው ነበር። ስኮት ሞሪስ በሁለተኛው ውድድር በግማሽ ደቂቃ ያህል ተሸነፈ፤ የነብራስካው ፖሊስ ስቲቭ ጄነም ግን ሦስተኛውን አሸነፈ። ይሁን እንጂ ጄነም የገባው በተለዋጭነት፥ ሌሎቹ በድካምና በጉዳት ከወጡ በኋላ፥ ለመጨረሻው ግጥሚያ ብቻ ነበር። ደጋፊው ድሉን፥ ነቃፊው ተለዋጭነቱን ይጠቅሳል፤ እኛ ግን የአንድ ቀን ድልም ሆነ ሽንፈት ጥበብን አይመዝንም፥ የሚመዝነው የዘወትር ፈተና ነው እንላለን።

ጥንታዊውን ዕውቀት ለታሪኩ፥ ለሰውነት ጤንነት ወይም ለመንፈስ ጭምትነት የሚያስተምር መምህር አይነቀፍም፤ የያዘውን በስሙ ጠርቷልና። «ይህን ተማር፥ በጨለማ ጩቤ የመዘዘብህን ታሸንፋለህ» የሚል ግን ሌላ ዕዳ አለበት። ሸማ ሻጭ ቢያታልል የሚጠፋው ገንዘብ ነው፤ የመከላከልን ጥበብ የሚሸጥ ቢያታልል ግን የሚጠፋው ያመነው ወጣት ሕይወት ነው።

በ1676 የተጠናቀረው ባንሰንሹካይ የተባለው የሺኖቢ መጽሐፍ፥ ስለ መሰላልና ስለ ባሩድ ከማስተማሩ በፊት ስለ ቅን ልቡና ያስተምራል፤ ያለ እርሱ የሺኖቢ ሥራ ከሌባ ሥራ አይለይምና። የቅን ልቡና መጀመሪያው ደግሞ ራስን አለማታለል ነው። ስለዚህ ኒንጁትሱን በእውነት የሚያከብረው ሰው፥ ከፈተና የሚሸሽገው ሳይሆን ወደ ፈተና የሚያቀርበው ነው፤ ፈተናውን ያለፈው ይጸናል፥ ያላለፈውም ቢሆን ማንንም ሳይገድል ይታረማል።