የማን አሽከር?

የቀድሞ ምሩቃን የሚከበሩበት ሥነ ሥርዓት መልኩ የታወቀ ነው። የመድረኩ መሪ ማይክራፎኑን ጠቅ ጠቅ ያደርግና የተሸላሚውን የሕይወት ታሪክ ማንበብ ይጀምራል። ተወለዱ፣ ተማሩ፣ በማዕረግ ተመረቁ፣ ባሕር ማዶ ተሻግረው ሦስተኛ ዲግሪያቸውን ያዙ፣ ይህን ያህል የምርምር ጽሑፍ አሳተሙ፣ ይህን ያህል ተማሪ አማከሩ። ጭብጨባ። ካባ። ፎቶግራፍ። ቀጣዩ!

እንዲህ ያለውን ነገር የሚያናንቅ ካለ እኔ አይደለሁም። “ሰው ካልሞተ ወይ ካልሄደ አይመሰገንም” በሚባልበት አገር ሐኪምን በቁሙ፣ ተመራማሪን ጆሮው እየሰማ ማመስገን ትልቅ ነገር ነው። እንዲያውም ያንሳል ባይ ነኝ። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ያ የሚነበበው ወረቀት ምን ያስተምራል? ከአዳራሹ ኋላ ተቀምጦ የሚሰማው የሁለተኛ ዓመት የባዮሎጂ ተማሪ ምን ይዞ ይወጣል?

ሥነ ጽሑፍ በማስተምርበት ዘመን ፉከራ ላይ ስንደርስ ሁልጊዜ የሚገርመኝ አንድ ነገር ነበር። ፎካሪው ራሱን ከፍ ከፍ ያደርጋል፤ ማን እንደ እኔ ይላል። ነገር ግን ስሙን ብቻውን አያቆመውም። የእገሌ ልጅ ነኝ፣ የእገሌ አሽከር ነኝ ብሎ ከሌላ ሰው ስም ጋር ያስረዋል። ሰሚውም ጀግናው ምን እንደሠራ ብቻ ሳይሆን ለማን እንደሠራው ያውቃል። ዛሬ በየመድረኩ የምናነበው የሕይወት ታሪክ የዘመናችን ፉከራ ነው ብል የበደልሁ አይመስለኝም። ግዳዩ ዲግሪና የጆርናል ጽሑፍ ሆነ እንጂ ነገሩ ያው ነው። ከድሮው የጎደለው ያቺ አንዲት ሐረግ ናት። የማን አሽከር? ማንን አገለገለ? እሱንስ እነማን አገልግለውት እዚህ ደረሰ?

“አሽከር” የሚለው ቃል ዛሬ ጆሮ እንደሚቆረቁር አውቃለሁ። ጌታና ሎሌን ልመልስ አልተነሣሁም። ቃሉን ያነሣሁት ዕዳን ስለሚያስታውስ ነው።

ለመሆኑ ዕዳው የቱ ነው? የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በሩን የከፈተው በ1950 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የሕክምና ፋኩልቲው በ1964 ተከተለ። የወጪ መጋራት የሚባለው አሠራር በ2003 እስኪመጣ ድረስ ተማሪው የሚማረው በመንግሥት ገንዘብ ነበር። ይኸ “መንግሥት” የምንለው ደግሞ ግብር የሚከፍለው ሕዝብ ነው። አብዛኛው ደግሞ የትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጠ ገበሬ ነበር። ሕክምናማ ከገንዘብም ያለፈ ዕዳ አለበት። ዛሬ የምናጨበጭብላቸው ስመ ጥር ሐኪም የመጀመሪያዋን መርፌ የወጉት በማን ክንድ ላይ ነው? እጃቸው እየተንቀጠቀጠ የመጀመሪያዋን ስፌት የሰፉት በማን ገላ ላይ ነው? በማስተማሪያ ሆስፒታል ከተኛ፣ ሌላ ቦታ ሄዶ መታከም ከማይችል ድሃ ገላ ላይ ነው። ያ ሰው መምህር ነበር። የሕይወት ታሪኩ ሲነበብ ግን ስሙ የለም፤ መኖሩም አይጠቀስም።

“ታዲያ የበሽተኛውን ሁሉ ስም ዝርዝር እናንብብ ወይ?” የሚለኝ አይጠፋም። አልወጣኝም። አንድ ምሳሌ ላምጣ።

በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ስለ ቢልሃርዚያ ሊያጠኑ አድዋ ሄዱ። ቢልሃርዚያን የምታስተላልፈው በወንዝ ውስጥ የምትኖር ቀንድ አውጣ ናት። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አዩ። ከላይ በኩል ግን እንደዚያ አልነበረም። ከዚህች ትዝብት ተነሥቶ ትልቅ ምርምር ተወለደ። በ1966 የፓቶባዮሎጂ ተቋም ተመሠረተ፤ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። የዕፅዋት ባለሙያው ለገሠ ወልደዮሐንስም የተሻለውን የእንዶድ ዓይነት የመምረጡን ሥራ ያዙ። ከ1969 እስከ 1974 አድዋ ላይ እንዶድ ተሞክሮ፣ ከ1 እስከ 6 ዓመት ባሉ ሕፃናት ዘንድ የበሽታው ስርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። ሁለቱ ሰዎች ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት የተቀበሉት ግን በ1989 ነው። አድዋ ወንዝ ዳር ከቆሙበት ቀን 25 ዓመት በኋላ፣ እሱም በስዊድን።

እዚህ ላይ ማን ምን እንደሠራ በልኩ እንናገር። በዚያ ወንዝ ዳር ያለፈው ሰው ብዙ ነው፤ ያየው አንድ ሰው ነው። የአክሊሉን ዓይን፣ የአክሊሉን ትዕግሥት ማንም ሊቀንስባቸው አይችልም። እንዶድን ለእጥበት ማዋልን ግን አክሊሉ አላገኙትም። ስንት ትውልድ ያለፈበት የእናቶች ዕውቀት ነው። ያ ዕውቀት ባይኖር አክሊሉ የሚያዩት ነገር አይኖርም ነበር። ይህን መናገር የአክሊሉን ክብር ያሳንሳል? እኔ ያከብደዋል ባይ ነኝ። ሕዝቡ ከሚያውቀው ተነሥቶ ሕዝቡ ያላወቀውን አሳይቶ ለሕዝቡ የመለሰ ሰው፣ ከሰማይ ዱብ እንዳለ ተደርጎ ከሚነበብለት ሰው ይበልጣል።

“ይኸ የይሉኝታ ጉዳይ ነው” የሚል ካለ ታሪኩን እስከ መጨረሻው ይስማ። በ1990 ዶክተር አክሊሉ የክብር ዶክትሬት ሊቀበሉ አሜሪካ ወደሚገኘው ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ሄደው ነበር። በአካባቢው ሐይቆች ዜብራ መስል የተባለች ዛጎል ለበስ ፍጥረት ተራብታ የውኃ ቧንቧ እየደፈነች አስቸግራለች። እንዶድ ተሞከረባትና ገደላት። ፓተንቱ የተመዘገበው በቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ስም ነው። ሕጉ የሚያውቀው በወረቀት ላይ የሰፈረውን ነው፤ የአድዋ ልብስ አጣቢዎች ደግሞ በየትኛውም ወረቀት ላይ አልነበሩም። እንግዲህ ስምን መጥራት ከጨዋነት ያለፈ ትርጉም አለው ማለት ነው። በምስጋና ጊዜ ያልተጠራ ስም በክፍያ ጊዜም አይጠራም።

ይህን በደንብ ከተረዱት አንዱ ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔር ነበሩ። የዚሁ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ናቸው፤ ኋላም የሳይንስ ፋኩልቲው ዲን ሆነው ሠርተዋል። ከዕፅዋት ምርምር ተነሥተው በየዓለም አቀፉ ጉባኤ የገበሬውንና የማኅበረሰቡን የዕውቀት መብት ሲሟገቱ ኖሩ። በ2000 ያንኑ እነ አክሊሉ የተቀበሉትን ሽልማት ተቀበሉ፤ በ2023 ዐረፉ። በ2006 በአገራችን የወጣው አዋጅ ቁጥር 482 የማኅበረሰብ ዕውቀት ባለቤት እንዳለው በሕግ ደነገገ። የማን አሽከር እንደነበሩ ለመናገር አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። እኔ ግን እንዲህ ያለውን ሰው ስናነሣ ጆሮዬ ላይ ቀድሞ የሚደርሰው የማዕረግና የሽልማት ቁጥር ነው።

አንድ ልጨምር። እነ አክሊሉ በተሸለሙበት በዚያው በ1989 የእንግሊዝ የቀዶ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ የወርቅ ሜዳሊያ ለዶክተር ሬጂናልድ ሃምሊን፣ ለዶክተር ካትሪን ሃምሊንና ለወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ በጋራ ሰጠ። ወይዘሮ ማሚቱ በወሊድ ምክንያት በደረሰባቸው ፊስቱላ ታመው በልጅነታቸው ከገጠር ወደ አዲስ አበባ የመጡ ታካሚ ነበሩ። ከዳኑ በኋላ ማገዝ ጀመሩ፤ እያገዙ አዩ፤ እያዩ ተማሩ፤ በመጨረሻም ራሳቸው ቀዶ ሕክምና የሚያደርጉ፣ ዲግሪ ያላቸውን ሐኪሞች የሚያሠለጥኑ ሆኑ። የሕክምና ትምህርት ቤት አልገቡም። በእኛ የምሩቃን መዝገብ ቢፈለጉ አይገኙም።

ምሩቅ ስላልሆኑ የምሩቃን ሽልማት አይደርሳቸው ይሆናል፤ ይሁን፤ ደንብ ደንብ ነው። ነገር ግን ከእሳቸው እጅ የተማረ ምሩቅ ሐኪም መድረክ ላይ ሲወጣ “ፊስቱላ መጠገን ያስተማሩኝ ወይዘሮ ማሚቱ ናቸው” ቢል ዲግሪው ይረክስበታል? ወይስ እኛ ነን እንዲህ ያለውን ነገር በሕይወት ታሪክ ውስጥ መጻፍ የምናፍረው?

ሜዳሊያው ለሁሉም ይከፋፈል ማለቴ አይደለም። ለሁሉም የተሰጠ ሽልማት ለማንም አልተሰጠም። የሠራው ሰው ተለይቶ ይሸለም። “ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ” የሚለው ተረታችን ግን ለክብርም ይሠራል። አንድ ሰው ብቻውን የተሸከመው ክብር ይከብደዋል። አንዳንዶቹን ሲያጎብጥ፣ አንዳንዶቹን ደግሞ ሲያሳብጥ አይተናል።

ወደዚያ ተማሪ ልመለስ። ከዲግሪ ወደ ዲግሪ፣ ከአገር ወደ አገር የሚወጣ መሰላል ብቻ ከሰማ፣ ሳይንስ ማለት ከሰው መካከል መውጫ ነው ብሎ ይሄዳል። ልንወቅሰው አንችልም፤ ያጨበጨብነው ለዚያ ነውና። “ይህን ዕውቀት ከእነዚህ ሰዎች ተቀበሉ፤ ይህን ያህል ሕፃን ከበሽታ አተረፉ” የሚል ከሰማ ግን፣ የሚኖርበትን ሰፈር ወንዝ ነገ በሌላ ዓይን ያየዋል።

ስለዚህ ልመናዬ ትንሽ ናት። የሕይወት ታሪኩን የሚያዘጋጀው ኮሚቴ ከወረቀቱ ግርጌ ሁለት ጥያቄ ይጨምር፤ መልሱን የሚሞላው ተሸላሚው ራሱ ይሁን። ከማን ተማሩ? ሥራዎ ማንን ጠቀመ? ለሁለተኛው ጥያቄ የሚጻፍ መልስ ያጣ ሰው ሽልማቱን ይዞ ይሂድ፤ አንከለክለውም። እኛም ግን በሚቀጥለው ዓመት ማንን እንደምንመርጥ ቆም ብለን እናስብበት።