ቁመት የማን ምስክር ነው?

በየመንደራችን የተለመደ ፍርድ አለ። ልጅ ካጠረ «ዘሩ ነው» ይባላል፤ ከረዘመም «የእናቱ ወገኖች መለሎዎች ናቸው» ተብሎ ይታለፋል። ዘር ድርሻ እንዳለው አልክድም። ከአንድ ገበታ በልተው ያደጉ ወንድማማቾች በቁመት የሚለያዩት በአብዛኛው በዚሁ ነው። ነገር ግን የአንድ ሕዝብ የሰውነት ቅርጽ በአንድ ትውልድ ውስጥ ሲለወጥ ምን እንላለን? ዘር እኮ በሃያ ዓመት አይለወጥም!

ጃፓንን እንመልከት። እ.ኤ.አ. ከ1957 እስከ 1977 ድረስ የጃፓናውያን ቁመት ጨመረ። ሲለካ ጭማሪው ከሞላ ጎደል በሙሉ የእግር ነበር፤ ከወገብ በላይ ያለው እምብዛም አልተለወጠም።

የጓቲማላ ማያዎች ጉዳይ ደግሞ ይበልጥ ያስተምራል። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1996 የዘለቀው የእርስ በርስ ጦርነት ብዙ የማያ ቤተሰቦችን ወደ አሜሪካ አሰደደ። ተመራማሪው ባሪ ቦጊንና ባልደረቦቻቸው በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ አሜሪካ ያሉት የማያ ልጆች ጓቲማላ ካሉት እኩዮቻቸው በአማካይ ከ11 ሴንቲ ሜትር በላይ ይረዝሙ ነበር። ከዚህም 7 ሴንቲ ሜትር ያህሉ የእግር ነው። ዘሩ ያው ነው፤ የተለወጠው ምግቡ፣ ውኃውና ሕክምናው ነው።

እግር ለምን ተለየ? በልጅነት ዘመን ከሌላው አካል ይልቅ ፈጥኖ የሚያድገው እግር ስለሆነ ነው። ረሃብና ተደጋጋሚ በሽታ በዚያ ዕድሜ ሲመጡ ቀድሞ የሚጎዳውም እርሱ ነው።

አንዳንዶች «የሰው ክብር በሴንቲ ሜትር አይለካም፤ ታዲያ ስለ ቁመት ምን አስጨነቀን?» ይላሉ። የመጀመሪያው አባባል እውነት ነው። አጭሩም ረጅሙም በክብር እኩል ናቸው። ሜትሩ የሚመዝነው ግን ልጁን ሳይሆን አሳዳጊዎቹን፣ ማለትም እኛን ነው። ደግሞም እግሩን ያሳጠረው እጦት አእምሮውንም ሳይነካ አያልፍም።

በአገራችን በ2019 እ.ኤ.አ. በተደረገው የጤና ጥናት መሠረት፣ ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑት ሕፃናት 37 በመቶው ለዕድሜያቸው የሚገባው ቁመት አልነበራቸውም። ይህን ሁሉ «ዘር ነው» ብለን ልናልፈው ነውን? መንግሥት ስለ ውኃውና ስለ ጤና ጣቢያው፣ ነጋዴው ስለ ደበቀው እህል ይጠየቅ። አባወራው ቀድሞ በልቶ ትራፊው ለልጆች የሚደርስበት ቤትም ከተጠያቂነት አያመልጥም። ገበታችንን ሳንመረምር የልጆቻችንን ዘር አንውቀስ።