ንስሐ ለነገ ይቀጠራልን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን! «ገና ልጅ ነኝ፤ ስሸመግል ንስሐ እገባለሁ» የሚል ብዙ ነው። ሲመክሩት ደግሞ «በቀኝ የተሰቀለው ወንበዴ በመጨረሻ ሰዓት ድኖ የለ እንዴ?» ይላል። እውነት ነው፤ እግዚአብሔር በሞት አፋፍ ያለውንም ይቀበላል። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ወንበዴው ያቺን ሰዓት ቀጥሮ አልጠበቃትም። ጌታን ባወቀባት ሰዓት ለመነው እንጂ።

ሚያዝያ 6 ቀን በስንክሳር የምትታሰበውን ግብፃዊቷን ማርያምንም እንመልከት። በእስክንድርያ 17 ዓመት በዝሙት ኖረች። በኢየሩሳሌም ወደ ቤተ ክርስቲያን ልትገባ ስትል የማይታይ ኃይል ከለከላት፤ ያን ጊዜ ኃጢአቷ ታወቃት። አልቅሳ እመቤታችንን ተማጽና ገባች። ከዚያም «ቆይ ነገ» ሳትል ዮርዳኖስን ተሻግራ 47 ዓመት በበረሃ ተጋደለች። አባ ዞሲማስ ሥጋ ወደሙን አቀበላት፤ በዓመቱ ሲመለስ ዐርፋ አግኝቶ ቀበራት። ሞት ለእርሷ ድንገተኛ አልነበረም፤ ለዓለም የሞተችው ዮርዳኖስን የተሻገረች ዕለት ነውና።

እኛስ? ልጅ አለን፣ ሥራ አለን፤ ሁላችን በረሃ አንወርድም። ዐቢይ ጾም ግን ደጃችን ድረስ የመጣ የ55 ቀን በረሃ ነው። ሥጋና ወተቱን ትተን ቂሙን ይዘን ከከረምን፣ በረሃውን ሳንረግጠው ፋሲካ ይደርሳል። ስለዚህ ወገኖቼ፣ ዛሬውኑ ወደ ንስሐ አባታችሁ ሂዱ። ለመናገር የምታፍሩባትን ያቺን አንዷን ኃጢአት አስቀድማችሁ ንገሯቸው። እስክንሸመግል ለመቆየታችን ዋስ የሚሆነን ማነው?

አምላካችን ለንስሐ ሞት ያብቃን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።