ዝምታ ጥፋት ነውን?

በነቀምት ገበያ መካከል የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለበት አንድ ወጣት፣ ፖሊስ «ቁም!» ሲለው ደንግጦ ቢሮጥ፣ ስሙን ሲጠየቅም ዝም ቢል፣ ፍርሃቱ እንደ እምቢተኝነት ሊቆጠርበት ይገባልን? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 የተያዙ ሰዎች ምክንያቱ በሚገባቸው ቋንቋ እንዲነገራቸው ያዝዛል። ለዚህ ወጣት ግን ኦሮምኛም ሆነ አማርኛ ብቻውን አይበቃም፤ አጭር ቃል፣ ዝግ ያለ ድምፅ፣ ለመልስ የሚሆን ጊዜ፣ የሚያውቀው ዘመድ መጠራት ያስፈልገዋል። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 13 ለፖሊሶች ተገቢ ሥልጠና እንዲሰጥ ይጠይቃል። ቤተሰብ ልጁን ቆሞ ባዶ እጁን እንዲያሳይ ቢያለማምደው፣ ጎረቤትም ሁኔታውን ፈጥኖ ቢያስረዳለት መልካም ነው። ይሁን እንጂ የመረዳት ግዴታ አስቀድሞ የፖሊሱ ነው፤ መሣሪያውም ሥልጣኑም በእርሱ እጅ ነውና።