የተበደርነው ስም

«ለነፃ ትምህርት ዕድል ሳመለክት የድጋፍ ደብዳቤ የጻፉልኝን መምህሬን በምን ላመስግናቸው?» ሲል አንድ ወጣት ወዳጄ ጠየቀኝ። ጭንቀቱ ዊስኪ ልግዛ ወይስ ጋቢ የሚል ነበር። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ሲያገላብጡት ግን «ለምስክርነት ዋጋ ይከፈላል ወይ?» የሚል ከባድ ጥያቄ ይወጣዋል።

ቋንቋችን በዚህ ረገድ ድኻ አይደለም። ጉዳያችን እንዲፈጸምልን አስቀድመን የምንሰጠው መማለጃ ነው። ለትልቅ ሰው ደጅ ስንጠና የምናቀርበው እጅ መንሻ፣ ለክብሩ የምናበረክትለት ደግሞ ገጸ በረከት ይባላል። ላስተናገደን ጉርሻ እንተዋለን። ያው አንዱ ጠርሙስ እንደ ቀኑና እንደ ሰጪው ሐሳብ አራቱንም ሊሆን ይችላል። ደብዳቤው ሳይጻፍ ከቀረበ መማለጃነቱ አያጠራጥርም። ተጽፎ ውጤቱ ሳይታወቅ ቢቀርብም ከሐሜት አያመልጥም።

«ከውጤቱ በኋላስ?» የሚል አይጠፋም። ያን ጊዜ ነቀፋው ይቀንሳል። ነገር ግን ልማድ የሆነ ስጦታ ውሎ አድሮ ግዴታ ይሆናል። ዛሬ አንዱ ጠርሙስ ይዞ ከሄደ፣ ነገ ባዶ እጁን የሚመጣው የድኻ ልጅ የመምህሩን በር ለማንኳኳት ይሳቀቃል። መምህሩ ምንም ባይጠብቁ እንኳ የሚጠብቁ ይመስለዋልና።

ታዲያ ምስጋናችን ምን ይሁን? መጀመሪያ የተሰጠን ምን እንደሆነ እንወቅ። «ወርቅ ላበደረ ጠጠር» ይባላል። መምህሩ ያበደሩን ግን ወርቅ አይደለም፤ ስማቸውን ነው። ገንዘብ በገንዘብ ይመለሳል፤ ስም የሚመለሰው ሳይጎድፍ ሲጠበቅ ብቻ ነው። «ትጉህ ነው፣ ታማኝ ነው» ብለው የፈረሙለት ልጅ ሰንፎና ዋሽቶ ከተገኘ፣ ከእሱ በኋላ የሚመጣው ተማሪ የሚይዘው ደብዳቤ ክብደቱን ያጣል። ዕዳውን የሚከፍለው እንግዲህ ያ የማናውቀው ልጅ ነው።

ፈረንሳዊው ደራሲ አልቤር ካሙ እ.ኤ.አ. በ1957 የኖቤልን የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ባገኘ ጊዜ፣ በልጅነቱ አልጀርስ ውስጥ ላስተማሩት ለሉዊ ዤርማን ደብዳቤ ጻፈ። አባቱን በጦርነት ያጣውን ይህን የድኻ ልጅ አያቱ ለሥራ ሲያስቡት፣ ቤት ድረስ ሄደው ስለ እሱ የተናገሩለት፣ ለነፃ ትምህርት ፈተናም ያዘጋጁት እሳቸው ነበሩ። ካሙ በስዊድን ያደረጋቸውን ንግግሮች ሲያሳትምም መታሰቢያነቱን ለመምህሩ አደረገ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ቃል ለሰጠ ቃል ተመለሰለት።

ለወዳጄም የመለስኩለት ይህንኑ ነው። ተሳካልህም አልተሳካልህም፣ ውጤቱን መምህርህ ከሌላ ሰው አፍ አይስሙት። ብዙ መምህራንን የሚያሳዝናቸው የጠርሙሱ መቅረት ሳይሆን፣ አምሽተው የጻፉለት ልጅ ድምፁን አጥፍቶ መቅረቱ ይመስለኛል። በገዛ እጅህ ጥቂት መስመር ጻፍላቸው፤ ምን እንደጠቀሙህ ለይተህ ንገራቸው። ቡና ልጋብዝዎ ብትልም ነውር የለበትም። ከዚያ በኋላ የሚቀርህ ትልቁ ሥራ፣ ስለ አንተ የጻፉትን እውነት ማድረግ ነው።